የተንቀሳቀሱት ካርቶን

ጥቅምት 4 ቀን

ለድምቡሼ፣

ደብዳቤሽ ሐሙስ ከሰዓት በበሩ ሥር ሾልኮ ገባልኝ። ጽሕፈትሽን ሳየው ደስ ብሎኝ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን ወንበር ፈለግሁ።

እኔ ባልሽን ልጠላ? አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ! በሠላሳ ስምንት ዓመትሽ፣ ሁላችንም «ይቺማ ፋብሪካውን አግብታለች» ብለን ከተውነው በኋላ፣ እንዲህ ያለ ረጋ ያለ፣ አውቶቡስ እየነዳ ለውሻ እንኳ የሚያቆም ሰው አምጥተሽ፣ እኔ ፊቴን የማጠቁርበት ምን ምክንያት አለኝ? ሠርጉ እንዴት እንዳማረ፣ በሩ ላይ ስትታዪ ሰው ሁሉ እንዴት እንደተነሣ ለሰማኝም ላልሰማኝም ሳወራ ከርሜአለሁ። ዳቦ ሻጩ እንኳ የቀሚስሽን አዝራር ብዛት ያውቃል።

ፊቴ የተኮሳተረው ጥርሴን አሞኝ ነው። የታችኛው መንጋጋ፣ በስተቀኝ። ሰው እንዴት ሠርግ ላይ ተቀምጦ «ጥርሴን!» ይላል ብዬ ዝም አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለሾፌርሽም እንዲሁ ንገሪልኝ።

ሥራዬን የነገርሽው አይመስለኝም፤ ቢያውቅ ኖሮ ኮስታራ ናት ብሎ አያስብም ነበር። እንዲህ በይው፦ የእህቴ ባል ፎቶ ቤት አለው። እሱ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ «አትንቀሳቀሱ!» ይላል፤ እህቴ ከጎኑ ቆማ «ፊታችሁን ፈታ!» ትላለች። እሱ ያስራል፣ እሷ ትፈታለች በይው። በሃያ ሁለት ዓመት ያላሳቅሁት ሕፃን የለም። ጉርድ ፎቶ ሊነሡ የመጡ አንድ ዳኛ እንኳ፣ መሳቅ በማይፈቀድበት ፎቶ ላይ ስቀው እንደገና ተነሥተዋል።

የሠርጉን ፎቶ ጌታው ባሌ አጥቦ ጨርሷል፤ አሥራ ስምንቱን እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቻለሁ። እማዬ እንደ ልማዷ ናት። «አሁንስ አልጨረሳችሁም?» እያለች ስትዞር በአንዱ ሁለት አፍንጫ አውጥታለች፣ በሌላው ጭንቅላቷ ጭስ ሆኗል። እነዚያ የተንቀሳቀሱት ካርቶን ውስጥ ገቡ። ታውቂው የለ፣ ያ የጫማ ካርቶን? ጌታው የተበላሸውን ፎቶ ከኋላው «ተንቀሳቅሷል» ብሎ ጽፎ የሚጥልበት? ግማሹ የእማዬ ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ጸጥ ብላ አልተነሣችም። ግድ የለም፤ አንድ ቀን አንድ ንጹሕ ፎቶ ሳላነሣት አልቀርም።

ደስ ያላት እህትሽ


ጥቅምት 23 ቀን

ለእትዬ፣

ፎቶዎቹ ደርሰውኛል። ለጋሼ ምስጋናዬን ንገሪልኝ። ጥርስሽን ግን አልተቀበልኩትም።

ሥራዬ ጉድለት ፍለጋ እንደሆነ ረስተሻል መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ እጅጌ እየገለበጥኩ የዘለለ ስፌት እለቅማለሁ። አሥራ ስምንቱን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አየኋቸው። በአሥራ ስምንቱም ቀኝ እጅሽ የለም። በአንዱ ጭንሽ ሥር ነው፣ በአንዱ ቦርሳሽ ሥር፣ በአንዱ የጠረጴዛው ልብስ ውስጥ። ኬኩ ሲቆረስ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፣ አንቺ ቦርሳ አቅፈሻል። የጥርስ ሕመም ከመቼ ወዲህ ነው እጅ የሚያስደብቀው?

ሌላም አለ። የአምናውን ደብዳቤሽን ካሁኑ ጋር አስተያየሁት። አምና አንድ መስመር ሰባት ቃል ይይዝ ነበር። አሁን አሥራ አራት ይይዛል፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ የጉንዳን ሰልፍ ነው የሚመስለው። ሾፌሩ «እህትሽ ወረቀት አልቆባት ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስልክም ስደውል ድምፅሽ ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚመጣው። መስመሩ ነው አልሽኝ። በዚያው መስመር ጋሼ ሲያወሩ ግን ጆሮዬ ሊፈነዳ ይደርሳል።

እማዬ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ «ልጄን ምን አድርጌአት ነው የተቆጣችኝ?» ስትል ከረመች። ከዚያ እንዲያው በድንገት ተወችው። አሁን የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ደርቢ በያት።» በዚህ ሙቀት! ለምን ብላት አትመልስልኝም፤ ጽፌው እስክጨርስ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። ይኸው ጽፌዋለሁ። ደርቢ።

ተቆጥተሽን ከሆነ ንገሪን። አሞሽም ከሆነ ንገሪኝ። ሁለቱም ካልሆነ ግን እጅሽን አሳዪኝ።

ትንሿ


ኅዳር 17 ቀን

ድምቡሼ፣

ሌላ እህት ብትኖረኝ ኖሮ ጥርሴን አሞኝ ነው ስላት አምናኝ ቅርንፉድ ትልክልኝ ነበር። የኔ ዕጣ ግን ደብዳቤ በሜትር የምትለካ ሆነች።

እሺ፣ ልንገርሽ። ይህን አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁና ጽሕፈቴ ትንሽ ቢሆን አትቆጪ።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። መጀመሪያ የቀኝ አውራ ጣቴ ነበር፤ ለብቻው የዳቦ ፍርፋሪ የሚያድበለብል ይመስል ነበር። ድካም ነው አልኩ። ከዚያ እግሬ መጎተት ጀመረ፤ ጫማው ነው አልኩ። ከዚያ ሽታ ጠፋኝ፤ ዳቦው አርሮ ቤቱ ሲጨስ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ ጌታው አገኘኝ። የነርቭ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሙ በመተላለፊያው ወዲያ ወዲህ አስኬደኝ፣ ጣቶቼን እንደ ዳክዬ አፍ አስከፈተኝ፣ አስዘጋኝ። ከዚያ ቀና ብሎ «ፓርኪንሰን» አለኝ። እኔ ስሙን የነገረኝ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ ራሴን አስተዋወቅሁት! ጌታው በሳቅ ፈረሰ። ሐኪሙ በሽታው ምን እንደሆነ ማብራራት ሲጀምር ነው ያቆመው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

አይድንም፣ ድምቡሼ። ቶሎም አይገድልም። ኪኒን አለው፤ ሲውጡት ጥቂት ሰዓት ይለቃል፣ ከዚያ ይመለሳል። ጽሕፈት ያሳንሳል፣ ድምፅ ያሳንሳል፣ ፊት ያደርቃል። «ፊትዎ ቀስ በቀስ ጭምብል ይመስላል» አለኝ፣ እንደ ዋዛ። ሥራዬ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ይህ መንቀጥቀጥ ስሜት ይወዳል። ስናደድ ይመጣል፤ እሺ፣ ይህስ ይሁን። ግን ደስ ሲለኝም ይመጣል! ሬዲዮ ላይ የምወደው ዘፈን ሲጀምር ይመጣል። ያንቺ ደብዳቤ በበሩ ሥር ሲገባ ይመጣል። እጄ የሆዴን ሁሉ አደባባይ የሚያወጣ ወሬኛ ጎረቤት ሆነብኝ። ስለዚህ ስሜቴን ማጥፋት ተማርኩ፤ ልክ መብራት እንደማጥፋት። ጌታው ለደንበኛ የሚለውን እኔ ለራሴ እላለሁ፦ አትንቀሳቀሽ፣ አትተንፍሽ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እየቆጠርኩ የመጣውን ስሜት እውጠዋለሁ። ሲዋጥ እጄ ጸጥ ይላል። ፊቴም አብሮ ጸጥ ይላል።

ሠርግሽ ላይ ከበሩ ስትገቢ መቁጠር ጀመርኩ። አራት መቶ ስልሳ ድረስ ቆጠርኩ። ያን ያህል ነው ደስ ያለኝ።

ፎቶ ቤቱንም ልንገርሽ። ባለፈው ሰኔ አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ መጣች፣ ጉንጯ ያንቺን የልጅነት ጉንጭ የመሰለ። አጠገቧ ሄጄ የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ፣ እንደ ድመት፣ እንደ እንቁራሪት። ለኔ እየሳቅሁ ነበር የመሰለኝ። ልጅቱ አፍጥጣ አየችኝና ጮኸች፤ እናቷ ጉያ ውስጥ ገባች። እናቷ «አይዞሽ፣ እትዬ አልተቆጡም» አለቻት። ዞር ብዬ መስታወቱን ሳየው ፊቴ የጉርድ ፎቶ ፊት ነው። ምንም የለበትም። በማግስቱ ጌታው በለሰለሰ ድምፅ «ጓዳ ሆነሽ ጉርድ ፎቶ ብትቆርጪስ?» አለኝ። ቆረጥኩ። በሳምንቱ የአንድ አስተማሪ ጆሮ ቆርጬ ጣልኩና መቀሱንም ወሰደብኝ። አሁን መቁጠር ብቻ ነው ሥራዬ።

ሁለት ነገር ልለምንሽ። አንደኛ፣ ለእማዬ አትንገሪያት፤ ጥርስ ነው በያት። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ የሚያስደነግጥ፣ የሚያሳዝን ነገር አትጻፊልኝ። ሐኪሙ አይደለም እንዲህ ያለው፤ እኔ ነኝ። መጥፎ ነገር ከሰማሁ እጄን የምይዝበት አቅም የለኝም።

እህትሽ


ታኅሣሥ 6 ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ፋብሪካው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ገብቼ አነበብኩት። ከዚያ ወጥቼ ሃያ እጅጌ አሳለፍኩ፤ አንዱንም አላየሁትም።

ይቅርታ። ሠርጌ ላይ «ደስታዬን አበላሸችው» ብዬ ለሾፌሩ አልቅሼ ነበር። አራት መቶ ስልሳዋን ስነግረው ተነሥቶ ወጣና በረንዳው ላይ ቆየ።

እሺ፣ ቃል ገባሁ። ጉድለት ያለበት ሸሚዝ በእጄ አልፎ ገበያ አይወጣም፤ ደብዳቤም እንዲሁ። ካሁን በኋላ ከዚህ ቤት ወደ አንቺ የሚወጣው ደኅና ደኅናው ብቻ ነው።

ለእማዬ ጥርስ ነው አልኳት። «ጥርስ?» አለችና ረጅም ጊዜ አየችኝ። ትንሽ ሳል ይዟት ነበር፣ አሁን ቀለል ብሏታል። «ደርቢ በያት፣ ካልሲም ትጨምር» ብላለች። ካልሲ የሚለው አዲስ ነው።

ትንሿ


ጥር 19 ቀን

ለድምቡሼ፣

ምነው ደብዳቤሽ ሁሉ ማር ማር አለ? የሾፌርሽ ሹመት መልካም፣ የጎረቤታችሁ ልጅ ፈተና ማለፏ መልካም፣ የቀጠናችሁ ውኃ መመለሱ መልካም። ደስ ብሎኛል። እስከ ሠላሳ ብቻ ቆጠርኩ።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አዎ፣ ኪኒኑን እየዋጥኩ ነው። አዎ፣ ፊት የማሠራት ነገር አለ፦ ጧት ጧት መስታወት ፊት ቆሜ ቅንድቤን ወደ ላይ፣ አፌን ወደ ጎን። ጌታው ፂሙን እየተላጨ አብሮኝ ያደርጋል፤ ሁለት እብድ ነው የምንመስለው። አዲሱ ነገር እግሬ ነው፤ በር ላይ ስደርስ ወለሉ ላይ ይጣበቃል። ሰው የሚጋብዘኝ እየጠበቅሁ ይመስል ገዛ ቤቴ በር ላይ ቆሜ እቀራለሁ። ትናንት አንድ ደንበኛ «ግቡ እንጂ» አሉኝ፣ በገዛ ቤቴ!

አሁን ደስ የሚለውን ስሚ። በሚያዝያ እንመጣለን። ጌታው ቃል ገብቶልኛል፣ ትልቁን ካሜራ ይዞ። እማዬን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠን፣ አፏን የምንይዝበት ነገር ሰጥተን፣ ያን ንጹሕ ፎቶ እናነሣታለን። ከካሜራው ጎን የምቆመው እኔ ነኝ። ፊቴ ባይፈታም እሷን መፍታት አያቅተኝም። ሳሏ እንዴት ነው? ባለፈው ሳትጽፊው ቀረሽ።

ደርቤአለሁ በያት። ውሸቴን ነው፣ ግን በያት።

እህትሽ


የካቲት 21 ቀን

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ በጣም ደኅና ነን። ሥራም ደኅና ነው። ሾፌሩም ደኅና ነው። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የሚያዝያውን ጉዞ ብታስተላልፉት ይሻላል። ቤቱን ቀለም ልናስቀባ ስለሆነ ዕቃው ሁሉ ተዘበራርቋል፤ መንገዱም ጥሩ አይደለም አሉ።

እማዬ ደኅና ናት። ሳሏም ለቋታል። ሰላም ትልሻለች፣ ትስምሻለች። ስለ ምንም ነገር እንዳትጨነቂ ትላለች።

ትንሿ


መጋቢት 12 ቀን

እማዬ ሞታለች።

ከየትኛው ቃል እንዳወቅሁት ልንገርሽ፣ ጉድለት ፈላጊዋ። «ስለ ምንም ነገር እንዳትጨነቂ ትላለች» ብለሽ ጻፍሽ። እማዬ! በሕይወቷ ሙሉ አንድን ሰው እንኳ አትጨነቅ ብላ የማታውቅ ሴት! ሰው ካልተጨነቀ የታመመ ይመስላት ነበር። «ትስምሻለች» ደግሞ አልሽ። እኛን መቼ በደብዳቤ ስማን ታውቃለች? ደርቢ የሚል ቃል የለበትም። እንደ ሸሚዝ ገለበጥኩት፣ ፈለግሁ፤ የለበትም። በሕይወት ያለች እናቴ ካልሲ ሳትጨምርልኝ ደብዳቤ አትዘጋም።

ከዚያ ጌታው ትዝ አለኝ። በየካቲት ሁለተኛው ሳምንት «ሌንስ ላስጠግን» ብሎ ሦስት ቀን ሄዶ ነበር። ሌንሱን መሳቢያ ውስጥ ትቶት። ያን ጊዜ ሳየው «ይህ ሰው አርጅቷል» ብዬ ሣቅሁበት። ሲመለስ ፊቱን አየሁት። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ፊት አይቻለሁ፣ የቀብር ፊት አውቃለሁ። አውቄ ዝም አልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ደብዳቤሽ ከመጣ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆጠርኩ። ስበላ ቆጠርኩ፣ ስታጠብ ቆጠርኩ። እጄ ጸጥ አለ። ምን ያህል ጸጥ እንዳለ ብታዪ! ጌታው «ተሽሎሻል» አለኝ። አንገቴ ድረስ ድንጋይ ሆኜ ተሽሎኛል።

በአሥረኛው ቀን አንዲት ባልቴት ጉርድ ፎቶ ሊነሡ መጡ። ጌታው ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። «አይንቀሳቀሱ» አለ። ሴትየዋ አንገታቸውን አዙረው «አሁንስ አልጨረሳችሁም?» አሉ።

ከጓዳ ወጣሁ። ካሜራው ጎን፣ ድሮ የምቆምበት ቦታ ቆምኩ። «ፊትዎን ፈታ» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ለዓመት ከአንድ ጠረጴዛ ወዲያ ተሰምቶ የማያውቅ ድምፄ መንገድ ድረስ ተሰማ። ለመቁጠር ሞከርኩ፤ አንድ የሚለው ቃል ጠፋኝ። ከዚያ ለቀቅሁት፣ ድምቡሼ። ሁሉንም ለቀቅሁት። ቀኝ እጄ ተንዘፈዘፈ፣ ግራዬም ተከተለው፣ አገጬ፣ ጉልበቴ። የተደገፍኩበት መደርደሪያ አብሮኝ ተንቀጠቀጠ፤ መስታወት ያላቸው ፍሬሞች ወደቁ። ጌታው እየሮጠ መጥቶ ወደ ጓዳ ሊያስገባኝ፣ መጋረጃውን ሊዘጋብኝ ያዘኝ። ባልቴቷ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ልቀቃት!» አሉት። «ልቀቃት፣ ትንቀጥቀጥ። ምን ትሆናለች ብለህ ነው?»

ለቀቀኝ። ከዚያ የተሰበረው መስታወት መካከል ቁጭ ብሎ ነገረኝ። የካቲት 9 ቀን። ሳንባ። ከቀብር ቦታው በር ላይ አንቺ «ለእትዬ አይነገራትም» እንዳልሽ።

እናቴን ለእጄ ስትሉ ቀበራችሁብኝ። እንዳይንቀጠቀጥ! ይኸው ተንቀጠቀጠ፤ ተንቀጠቀጠና ምን ሆነ? ሁለት መስታወት ተሰበረ። በቃ። ለሁለት መስታወት ብዬ ነው ሠርግሽን፣ ሳቄን፣ ያቺን ልጅ፣ እናቴን የዋጥኩት?

«የጠየቅሽኝን ነው ያደረግሁት» ትዪኛለሽ። ልክ ነሽ። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው፤ በራሴ እጅ ጽፌ ነው የላክሁልሽ። ግማሹን ግን አንቺ ያዢ። ቶሎ አልተውልሽም።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሳታስተካክዪ፣ ሳታስውቢ። ጠርታኛለች?


መጋቢት 24 ቀን

እትዬ፣

ሳላስተካክል እጽፋለሁ።

ጠርታሻለች። በየቀኑ። «ያቺ ልጅ አልመጣችም?» ትል ነበር። መንገድ ተበላሽቶ ነው እላታለሁ። ላንቺ መንገዱ ተበላሽቷል ብዬ ከመጻፌ በፊት እሷን ነው የዋሸኋት። ለሁለታችሁም አንድ ውሸት አብቃቃሁ። ሳሉ ለቋት አያውቅም፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ እየባሰ ነበር። በጥር ስትጠይቂኝ ሆስፒታል ነበርን። ያን ጊዜ ጽፌልሽ ቢሆን ትደርሺ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጊዜ ነበረሽ። ይህን የምጽፈው ይቅር እንድትዪኝ አይደለም። ሳታስውቢ ስላልሽኝ ነው።

የመጨረሻው ቀን ጧት ላይ ነቅታ ነበር። «ደርቢ በያት» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተናድጄ «ምን ሆነሽ ነው በዚህ ሙቀት ደርቢ ደርቢ የምትዪው?» አልኳት። በሞት አልጋዋ ላይ ተቆጣኋት፣ እትዬ።

ምን አለችኝ መሰለሽ? «ሠርግሽ ላይ እጇን ጭኗ ሥር ከታ ስትንቀጠቀጥ አይቻታለሁ። ልጄን በርዷታል። ሲበርዳት ፊቷን ትቋጥራለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። እኔ ተቆጥታኝ መስሎኝ፤ በርዷት ኖሯል! ጥርስ ትዪኛለሽ ደግሞ አንቺ።»

እኔ አሥራ ስምንት ፎቶ ደርድሬ ያጣሁትን እጅ እሷ በዓይኗ አይታዋለች። ከሠርጉ በሳምንቱ ጀምራ ሹራብ ትሠራልሽ ነበር። የማን ነው ስላት «የማንም» ትለኝ ነበር። በዚህ ጥቅል ውስጥ አለልሽ። የቀኝ እጅጌው አልቋል፤ ከዚያ ነው የጀመረችው። የግራው ክርን ድረስ ነው። ልጨርሰው መርፌውን አንሥቼ ነበር፤ አስቀመጥኩት። አሥራ ስድስት ዓመት ጉድለት ያለበት ልብስ በእጄ አሳልፌ አላውቅም። ይህን አሳልፌአለሁ።

ግማሹን ይዣለሁ። አታውርጂልኝ።

ትንሿ


ሚያዝያ 8 ቀን

ድምቡሼ፣

ጥቅሉ ደረሰ። ሹራቡን ጌታው ነው ያለበሰኝ፤ እኔ አንገቱን ማስገባት አልቻልኩም፣ ውስጡ ገብቼ ቀረሁ። ከውስጥ ሆኜ ሳለቅስ እሱ ከውጭ «ወዴት ነው መውጫው?» እያለ ይጎትታል። ሳቅሁም መሰለኝ። ፊቴ ላይ አልታየ ይሆናል፣ እጄ ላይ ግን በደንብ ታይቷል።

እንዳትሸወጂ፣ አልተሻለኝም። ከለቀቅሁት ወዲህ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ሾርባ በማንኪያ አይሆንልኝም፤ ትናንት ውኃ አንቆኝ ጌታው ጀርባዬን ሲመታ ቆየ። ሕፃናት አሁንም ሲያዩኝ ይሸሻሉ። ይህችን ደብዳቤ ሦስት ቀን ነው የጻፍኳት፣ ከዚህ በኋላ ምናልባት ጌታው ነው የሚጽፍልሽ፤ እሱ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ሁለት መስመር ጽፎ «ሌላ ምን ልበላት?» ነው የሚለው። ግን መቁጠር ትቻለሁ። ካሁን በኋላ መጥፎውን ሁሉ ጻፊልኝ። ከሾፌርሽ ጋር ስትጣዪ ጻፊልኝ፣ ሲያምሽ ጻፊልኝ። ያንቺን ግማሽ ገና አላወረድኩልሽም፤ ስመጣ አብረን ሄደን መቃብሯ ላይ እናወርደዋለን።

ሁለት ፎቶ ልኬልሻለሁ። አንዱን ከካርቶኑ ነው ያወጣሁት። እማዬ ናት፣ ሠርግሽ ላይ፣ ባለ ሁለት አፍንጫዋ። ንጹሑ ፎቶ ቀረ። ከዚህ ሌላ የለንም፤ ካርቶኑን ሙሉ ገለበጥኩት፣ ሁሉም ጭስ ነው። በአንዱ ብቻ አፏ ጎልቶ ይታያል፣ እየተናገረች ነው፤ እሱን ለራሴ አስቀርቻለሁ።

ሁለተኛው እኔ ነኝ፣ በሹራቡ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጌታው ካሜራው ጀርባ ገባና እንደ ልማዱ «አትን...» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። ከዚያ የኔን ቃል ተናገረው፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፦ «ፊትሽን ፈታ።» ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ምን እንደሆንኩ ፎቶው ላይ ታያለሽ። ፊት የለኝም፤ ቀኝ እጄ እንደ ክንፍ ተዘርግቷል፣ ግራ ክንዴ ባዶውን ነው። ካጠበው በኋላ ከኋላው «ተንቀሳቅሷል» ሊል ብዕር አነሣ። ተቀበልኩት።

ከኋላው የተጻፈው የኔ ጽሕፈት ነው። ላንቺ አይደለም፤ ለእማዬ ነው፣ መቃብሯ ስትሄጂ አንብቢላት። አንሶ ካልታየሽ አንድ ቃል ብቻ ነው፣ አሁን ደግሞ ውሸት አይደለም።

«ደርቤአለሁ።»